የተቆራረጠውን ቪዲዮ በምን እንቀጥለው?
(ስለ ፕሮግራም መሣሪያ አመራረጥ ከመርካቶ የተወሰደ ምሳሌ)

ቪዲዮን ከቪዲዮ ጋር መቀጠል ሲሰሙት የልጅ ሥራ ይመስላል። ሁለት ገመድ በቋጠሮ፣ ሁለት ጨርቅ በመርፌ እንደሚያያዝ ሁሉ፣ የፊተኛው ፋይል ሲያልቅ የኋለኛው ይቀጥል ከማለት በቀር ምን ችግር አለበት የሚል ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን ቀርቦ የተመለከተ ሁሉ ነገሩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ያውቃል። አንዳንድ ጊዜ ፋይሎቹ ከተቀጠሉ በኋላ ድምፁ ከከንፈር ይቀድማል፤ አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ ተበጣጥሶ አረንጓዴና ሐምራዊ ይሆናል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የ3 ሰዓት ሥራ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው መብራት ይጠፋና ፋይሉ ከቶ የማይከፈት ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጉዳይ በዚህ መጽሔት ልናነሣው የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። በግቢያችን ፕሮግራም መጻፍ የሚማረው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከዚሁም ተማሪ መካከል «ለሱቃችን አንድ ነገር ሥራልን» የሚል ጥያቄ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ያልቀረበለት ጥቂቱ ነው። ጥያቄው ሲቀርብለት ተማሪው አስቀድሞ የሚያስበው «በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ልጻፈው?» ብሎ ነው። እኛ ግን ይህ ጥያቄ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው እንላለን። ቀድሞ መታወቅ ያለበት የሚቀጠለው ነገር ምንነት፣ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ሁኔታና ሥራው ቢበላሽ የሚጎዳው ሰው ማንነት ነው። ይህንንም በተጨባጭ ምሳሌ ለማስረዳት ወደ መርካቶ እንሂድ።

ሥራው ከየት ይመጣል?

እንደሚታወቀው የዛሬው መርካቶ የተመሠረተው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያው በየሸቀጡ ተራ ተራ ሆኖ ተደራጀ፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለም እስከ ዛሬ ይጠራል። ዘመኑ ባመጣው ሥራ ደግሞ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ትናንሽ ሱቆች ከነባሮቹ ነጋዴዎች ጎን ቦታ ይዘዋል።

አንድ የሠርግ ቪዲዮ ከስንት ቁራጭ እንደሚሠራ እናስብ። በሙሽራው ቤት የተነሣ አለ፤ በሙሽሪት ቤት የተነሣ አለ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የኒካሁ ሥነ ሥርዐት አለ፤ የመናፈሻው፣ የአዳራሹ፣ በማግሥቱም የመልሱና የቅልቅሉ አለ። በዚህ ላይ ዋናው ካሜራ፣ ሁለተኛው ካሜራ፣ በሰማይ የሚበረው ድሮን፣ የአክስት ልጅ በስልኩ ያነሣው ሁሉ ይጨመራል።

ከዚህም ሌላ ካሜራው ራሱ ሳይታዘዝ የሚቆራርጠው አለ። ብዙ የሚሞሪ ካርዶች የሚደራጁት «ፋት 32» በተባለው አሠራር ነው። በዚህ አሠራር አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት፣ በትክክል ለመናገር ከ4,294,967,295 ባይት በላይ ሊሆን አይችልም። ካሜራው በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ቢት የሚጽፍ ቢሆን ይህ ልክ በ24 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ስለዚህ ሳይቋረጥ የተነሣ የ3 ሰዓት ሥነ ሥርዐት በካርዱ ላይ 8 ፋይል ሆኖ ይገኛል። ሽማግሌው ምርቃቱን ጀምረው ሳይጨርሱ አንዱ ፋይል ያልቅና «አሜን» የሚለው በሚቀጥለው ፋይል ላይ ይሆናል ማለት ነው። ባለ ሠርጉ ግን ምርቃቱን በሙሉ፣ ሳይቆራረጥ ማየት ይፈልጋል፤ ገንዘቡንም የከፈለው ለዚሁ ነው።

ጆንያውና እህሉ

ወደ መሣሪያው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይገባዋል። የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኤምፒፎር» ወይም «ሞቭ» ወይም «ኤቪአይ» ሲል የሚነግረን ስለ መያዣው ብቻ ነው። የሙያው ሰዎች ይህን መያዣ ኮንቴነር ይሉታል፤ ለመርካቶ ሰው ደግሞ ኮንቴነር እንግዳ ቃል አይደለም። በመያዣው ውስጥ የታመቀው ሥዕልና ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ የታመቀበት ዘዴም ኮዴክ ይባላል። ሁለት ጆንያ መልካቸው አንድ ስለ ሆነ በአንዱ ያለው ጤፍ በሌላውም ያለው ጤፍ ነው ለማለት አይቻልም፤ ካልፈቱት አይታወቅም።

ለምሳሌ ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒፎር ቢሆኑ፣ በአንዱ ውስጥ ያለው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች 264 የታመቀ፣ በሌላው ውስጥ ያለው አዲስ ስልክ በኤች 265 ያመቀው ሊሆን ይችላል። የአንዱ ስፋት 1920 በ1080 ነጥብ ሲሆን የሌላው 1280 በ720 ይሆናል። የአንዱ ድምፅ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ የተለካ ሲሆን የሌላው 44,100 ጊዜ ነው። ካሜራው የአገራችንን የቴሌቪዥን ሥርዐት ተከትሎ በሴኮንድ 25 ሥዕል ያነሣል፤ ስልኩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 ያነሣል፤ ያውም ብርሃን ሲያንሰው ልኩን እየቀያየረ። እነዚህን በደፈናው አገናኝቶ አንድ ፋይል ማድረግ ጤፍና በርበሬ በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው።

ሦስቱ የአቀጣጠል መንገዶች

የቪዲዮ ፋይል የሚቀጠልባቸው መንገዶች በጠቅላላው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ የአንዱን ፋይል ባይት በሌላው ባይት ጫፍ ላይ እንዳለ መደርደር ነው። ይህ መንገድ የሚሠራው ለጥቂት ዐይነት ፋይሎች ብቻ ነው። ከነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1993 ደንቡ የወጣለት ቪሲዲ የሚጠቀምበት ኤምፔግ 1 ነው። አንድ የቪሲዲ ዲስክ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል በመሆኑ ረዘም ያለ ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይወጣ እንደ ነበር፣ ልጅ ሆነን የመጀመሪያው ዲስክ አልቆ ሁለተኛው እስኪገባ የጠበቅን ሁሉ እናስታውሳለን። የኤምፔግ 1 ፋይል መላውን ይዘት የሚገልጽ አንድ ማእከላዊ ማውጫ የለውም፤ መረጃው ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይፈስሳል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ጫፍ ቢያስጠጉት ማጫወቻው ፍሰቱን ተከትሎ መሄድ ይችላል።

ኤምፒፎር ግን እንዲህ አይደለም። ኤምፒፎር በውስጡ እያንዳንዱ ሥዕልና ድምፅ በየትኛው ባይት ላይ እንደሚገኝ የሚናገር ማውጫ አለው። ሁለት የኤምፒፎር ፋይሎች በዚህ ዐይነት ቢደረደሩ ማጫወቻው የፊተኛውን ማውጫ ብቻ አንብቦ የኋለኛውን እንደሌለ ይቈጥረዋል። የፋይሉ ክብደት የሁለቱ ድምር ሆኖ ሳለ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ይሆናል። ጀማሪ ፕሮግራመር «ፋይል ከፍቼ በሌላው ላይ ልጻፈው» ሲል የሚወድቀው በዚህ ጉድጓድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጆንያውን ፈትቶ እህሉን ሳይፈጩ ወደ አንድ ትልቅ ጆንያ መገልበጥ ነው። የታመቀው ሥዕልና ድምፅ እንዳለ ይገለበጣል፤ ማውጫውና ሰዓቱ ብቻ በአዲስ ይጻፋል። በዚህ መንገድ የሥዕሉ ጥራት ቅንጣት ታህል አይቀንስም። ፍጥነቱም የዲስክ ፍጥነት ነው። ከላይ የጠቀስነው የ3 ሰዓት ሥነ ሥርዐት 32 ጊጋባይት ያህል ይመዝናል፤ ዲስኩ በሴኮንድ 50 ሜጋባይት ማዛወር ቢችል ሥራው በ11 ደቂቃ ያልቃል። ግዴታው ግን ጥብቅ ነው፤ ይኸውም ቁርጥራጮቹ በኮዴክ፣ በስፋት፣ በድምፅ ልክና በሰዓት አቆጣጠር አንድ መሆን አለባቸው። አንድ ካሜራ ራሱ የቆራረጣቸው ፋይሎች ይህን ግዴታ ያሟላሉ።

ሦስተኛው መንገድ ሁሉንም ፈትቶ፣ ወደ ሥዕልነት መልሶ፣ በአንድ ልክ አስተካክሎ እንደ ገና ማመቅ ነው። ይህ መንገድ የማይቀጥለው ቪዲዮ የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ሥዕል መሥራት አለበት፤ ደከም ያለው ኮምፒዩተር ለ3 ሰዓት ቪዲዮ 6 ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከዚህም ሌላ በታመቀ ቁጥር ጥራቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። በካሴት ዘመን ከቅጂ ላይ የተቀዳ ካሴት ድምፁ እየደከመ እንደሚሄድ ሁሉ፣ ይህም አንድ ጊዜ ሲሆን አይታወቅም፤ አራትና አምስት ጊዜ ሲደጋገም ግን የሙሽሪት ጥልፍ ደብዝዞ ነጭ ጨርቅ ይመስላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫ የፕሮግራም ቋንቋ ምርጫ ሳይሆን የመንገድ ምርጫ ነው። መገልበጥ የሚበቃውን ሥራ እንደ ገና ማመቅ ጊዜንና ጥራትን ማባከን ነው፤ ማመቅ የሚያሻውን በመገልበጥ ለመጨረስ መሞከር ደግሞ የተበላሸ ፋይል ማስረከብ ነው።

መሣሪያዎቹ በየተራቸው

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። በዚህ ሙያ የሁሉ መሠረት የሆነው ኤፍኤፍምፔግ ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ሲሆን፣ ምንጩ ለሁሉ ክፍት፣ ዋጋውም ነጻ ነው። ስማቸው ሌላ የሆነ ብዙ የቪዲዮ ፕሮግራሞችም ሥራቸውን የሚሠሩት በውስጣቸው ይህንኑ አስቀምጠው ነው። ኤፍኤፍምፔግ ከላይ የዘረዘርናቸውን ሦስቱንም መንገዶች ያውቃል። መስኮትና ቁልፍ የለውም፤ ትእዛዝ ተጽፎለት የሚሠራ ነው። አንድ ዝርዝር ጽሑፍ ተዘጋጅቶ የፋይሎቹ ስም በየመስመሩ ሲጻፍና «እንዳለ ገልብጥ» ሲባል የሁለተኛውን መንገድ ይሠራል። ከርሱ ጋር አብሮ የሚመጣው ኤፍኤፍፕሮብ ደግሞ ጆንያውን ሳይፈታ ውስጡን አይቶ የሚናገር መርማሪ ነው።

የፋይሉ ዐይነት ማትሮስካ ለሆነ ኤምኬቪ መርጅ፣ ኤምፒፎር ለሆነ ኤምፒፎር ቦክስ የተባሉት መሣሪያዎች አሉ። ሁለቱም ለመገልበጥ ሥራ የታመኑ ናቸው፤ ሥዕል እንደ ገና ማመቅ ግን ሥራቸው አይደለም።

ሙቪፓይ የተባለው የፓይተን ቋንቋ ቤተ መጻሕፍት በተማሪዎች ዘንድ የተወደደ ነው፤ መወደዱም በከንቱ አይደለም። ጥቂት መስመር በመጻፍ ፋይሎችን ማቀጣጠል፣ ጽሑፍ መጨመር፣ ድምፅ መቀነስ ይቻላል። ነገር ግን አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙቪፓይ እያንዳንዱን ሥዕል ፈትቶ ወደ ፓይተን ያመጣዋል። ስፋቱ 1920 በ1080 የሆነ አንድ ሥዕል ሲፈታ 6 ሜጋባይት ከ200 ኪሎባይት ያህል ይሆናል፤ በሴኮንድ 25 ሥዕል ሲታሰብ 155 ሜጋባይት በየሴኮንዱ ይመላለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ሙቪፓይ የሚያውቀው ሦስተኛውን መንገድ ብቻ ነው። ለ2 ደቂቃ የመግቢያ ቪዲዮ ጥሩ ነው፤ የ3 ሰዓት ሠርግ ለመቀጠል ግን በአንድ ጭልፋ ጋን እንደ መቅዳት ይሆናል።

ሲ በተባለው ቋንቋ የኤፍኤፍምፔግን ቤተ መጻሕፍት በቀጥታ መጥራትም ይቻላል። የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚጠቀምበትን ዕቃ ለሚሠራ ሰው ይህ ተገቢ ነው፤ ጂስትሪመርም እንደዚሁ ከካሜራ በቀጥታ የሚፈስሰውን ለሚያስተናግድ ሰው የተሠራ ነው። ለአንድ ሱቅ ግን የነዚህ ድካም ከጥቅማቸው ይበልጣል። ኤፍኤፍምፔግ በድር ማሰሻ ውስጥ እንዲሠራ የተደረገበት መንገድም አለ፤ ይሁን እንጂ ፋይሉን በማስታወሻው ውስጥ ይዞ ስለሚሠራ ትልልቅ የሠርግ ፋይሎች ይከብዱታል።

እንግዲህ የኛ ምክር ይህ ነው። ከባዱን ሥራ ለኤፍኤፍምፔግ መተው፣ አስተሳሰቡን ግን በፓይተን መጻፍ። ይኸውም በፓይተን የሚጻፈው አጭር ፕሮግራም ፋይሎቹን ይሰበስባል፤ እያንዳንዱን በኤፍኤፍፕሮብ ያስመረምራል፤ ውጤቱን ያነጻጽራል፤ ሁሉም አንድ ከሆኑ «ገልብጥ» ብሎ ያዝዛል፤ የተለየ ካለ ደግሞ የተለየውን ብቻ በአንድ ልክ አስተካክሎ ከቀሩት ጋር ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከ200 መስመር አይበልጥም። ፓይተንን የመረጥንበት ምክንያት ፈጣን ስለ ሆነ አይደለም፤ ፍጥነቱን ኤፍኤፍምፔግ ይሰጠናልና። የመረጥነው ጽሑፉ በቀላሉ ስለሚነበብና፣ እኛ ተመርቀን ስንሄድ በኛ እግር የሚተካው ተማሪ አንብቦ ሊያርመው ስለሚችል ነው።

መብራት ሲጠፋ

በመጻሕፍት ውስጥ ብዙ የማይነገር፣ በኛ አገር ግን የምርጫ ሁሉ ራስ የሆነ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም መብራት ነው። ኤምፒፎር ሲጻፍ ማውጫው የሚጻፈው በተለምዶ መጨረሻ ላይ ነው፤ የት ምን እንዳለ የሚታወቀው ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ነውና። ስለዚህ የ6 ሰዓት ማመቅ በስድስተኛው ሰዓት ቢቋረጥ፣ 20 ጊጋባይት ሥዕል በዲስኩ ላይ ተጽፎ ሳለ ማውጫ ስለሌለው ማጫወቻ አይከፍተውም። የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መፍትሔው ውድ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም። ዩፒኤስ ወይም ባትሪው ጤናማ የሆነ ላፕቶፕ ይረዳል፤ ዋናው መድኀኒት ግን የሥራው አደረጃጀት ነው። አርባውን ቁራጭ በአንድ ትእዛዝ አምቆ ከማውጣት ይልቅ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው በአንድ ልክ ማመቅ፣ ያለቀውንም ስሙን ለውጦ «አልቋል» በሚባል ማኅደር ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም ሁሉንም በመገልበጥ መንገድ መቀጠል ይሻላል። በዚህ ዐይነት መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ቁራጭ ሥራ ብቻ ነው። መብራቱ ሲመለስ ፕሮግራሙ ያለቁትን አልፎ ካቆመበት ይቀጥላል። በሥራ መካከል የሚጻፈው ፋይልም ማትሮስካ ቢሆን ይመረጣል፤ ማትሮስካ ተቋርጦ ቢቀር እንኳ እስከ ተጻፈበት ድረስ ሊከፈት ይችላልና።

ልብ በሉ፤ ይህ ምርጫ ከቋንቋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሲ የተጻፈ ፈጣን ፕሮግራም ሥራውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚሠራ ከሆነ መብራት በሚጠፋበት ሱቅ ዋጋ የለውም። በፓይተን የተጻፈ ዘገምተኛ ፕሮግራም ሥራውን ከፋፍሎ የሚይዝ ከሆነ ማታ ተከፍቶ ጧት ያለቀ ሆኖ ይገኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ሌሎች ወጥመዶች

ከላይ ከተዘረዘረው ሌላ ፕሮግራም ጻፊው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቂት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛ፤ የስም ቅደም ተከተል ነው። ኮምፒዩተር ስሞችን በፊደል ተራ ሲደረድር «ክፍል 10»ን ከ«ክፍል 2» በፊት ያስቀምጣል፤ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን ሳይሆን የመጀመሪያውን ምልክት ነውና። እንዲህ ከሆነ መልሱ ከሠርጉ ቀድሞ ይመጣል። መድኀኒቱ «ክፍል 02» ብሎ መሰየም ወይም ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ቁጥር እንዲያነብ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፤ የካሜራ ሰዓት ነው። ፋይሎችን በተነሡበት ሰዓት መደርደር ብልኅነት ይመስላል። ነገር ግን የአንዱ ካሜራ ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር፣ የሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። ይህን ጊዜ በመካከላቸው የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠርና ሙሽሮቹ ከቤታቸው ሳይወጡ በአዳራሽ ሲበሉ ይታያሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተሉን ሐሳብ አድርጎ ያቅርብ እንጂ፣ የመጨረሻውን ቃል ሠርጉን ያየው ሰው ይስጥ።

ሦስተኛ፤ ድምፅ የሌለው ቁራጭ ነው። ብዙ ድሮኖች ሥዕል እንጂ ድምፅ አይቀርጹም። ድምፅ ያለውንና የሌለውን በደፈናው ሲቀጥሉ ሥራው በስሕተት ይቆማል፤ ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ሁሉ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ድምፅ ለሌለው ቁራጭ ዝም ያለ የድምፅ መስመር አስቀድሞ መጨመር ያሻል።

አራተኛ፤ የመጋጠሚያው መዛነፍ ነው። በሴኮንድ 25 በሚሄድ ቪዲዮ የአንድ ሥዕል ዕድሜ 40 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በተለመደው የኤኤሲ ድምፅ አንዱ ቁራሽ በ48,000 ልክ 21 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ሁለቱ እኩል ስለማያልቁ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትርፍ ወይም ጉድለት ይኖራል። በያንዳንዱ 20 ሚሊ ሴኮንድ ቢዛነፍና የሚያርመው ባይኖር፣ ከ100 መጋጠሚያ በኋላ 2 ሴኮንድ ይሆናል፤ እልልታውም ከአፍ ርቆ ይሰማል። ስለዚህ ቪዲዮው ካለቀ በኋላ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውን ማየትና መስማት ተገቢ ነው።

አምስተኛ፤ ፊደላችን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ደንብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ የፋይል ስምም ሆነ በሥዕሉ ላይ የሚጻፈው የሙሽሮች ስም በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የግእዝ ፊደል ያለበት የፊደል ቅርጽ ፋይል ካልተሰጠው በስሙ ፈንታ ባዶ አራት ማእዘኖችን ይደረድራል። በመሆኑም ከፕሮግራሙ ጋር አንድ ነጻ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ አብሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ፈቃድና መብት

ስለ ዋጋ ሲነሣ፣ ውድ የሆኑ የማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ቁልፋቸው ተሰብሮ በፍላሽ እየዞሩ እንደሚሸጡ ማንም ያውቃል። ነገር ግን የተሰበረ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቫይረሱም የባለ ሠርጉን ፋይል ሲቆልፍ ሱቁ የሚመልሰው መልስ አይኖረውም። ለመቀጠል ሥራ ይህን አደጋ መቀበል አያስፈልግም፤ ኤፍኤፍምፔግና ፓይተን ያለ ስርቆት በነጻ ይገኛሉና። ነጻ ማለት ግን ሕግ የለውም ማለት አይደለም። ኤፍኤፍምፔግን ከራሱ ፕሮግራም ጋር አጣምሮ ለሽያጭ የሚያቀርብ ሰው የፈቃዱን ግዴታ አንብቦ መፈጸም አለበት።

የሌላውም ወገን መብት አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልምና የሙዚቃ ደራሲዎችን መብት ይጠብቃል። ለሠርግ ቁራጮች የጻፍነው ፕሮግራም ያለ ፈቃድ የተቀዳውን ፊልም ክፍል 1ና ክፍል 2 ሲቀጥልም ያው ይሠራል፤ መሣሪያው አይለይም። መለየት የኛ ፈንታ ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪ ድካም በአንድ ፍላሽ ተቀድቶ ሲቀር እኛም በእጃችን ሥራ ተካፋይ መሆን የለብንም።

ማጠቃለያ

እስካሁን የተናገርነው በአጭሩ ሲሰበሰብ እንዲህ ነው። ፕሮግራም እንድንጽፍ ስንጠየቅ በመጀመሪያ ፋይሎቹን እንመርምር። አንድ ከሆኑ እንገልብጥ፤ ፕሮግራም መጻፍ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል፤ አንድ የትእዛዝ መስመር ይበቃልና። ልዩ ልዩ ከሆኑ እያንዳንዱን በአንድ ልክ፣ ለምሳሌ በ1920 በ1080፣ በሴኮንድ 25 ሥዕል፣ በ48,000 ድምፅ አስተካክለን ከዚያ እንገልብጥ። ሥራውን ከፋፍለን እንያዝ። ዋናውን ፋይል ከቶ አንንካ፤ የተቀጠለው ታይቶ፣ ተሰምቶ፣ ባለቤቱም ተረክቦ እስኪያበቃ ድረስ ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ምንም አናጥፋ።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሌላ ፕሮግራም ቢበላሽ እንደ ገና ይጻፋል፤ ሠርግ ግን እንደ ገና አይነሣም። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ በጭብጨባው መካከል ብቅ ያሉት አያት በሚቀጥለው ዓመት ላይኖሩ ይችላሉ። ቤተሰቡ ያን ጊዜ ድምፃቸውን የሚሰማው፣ መልካቸውንም የሚያየው በዚሁ ፋይል ነው። ሱቁ ፋይሉን አምኖ ለኛ ሲሰጠን የሰጠን ይህን ነው።

ከኛ መካከል አንዳንዱ የሚማረውን ቋንቋ ከፍታ ለማሳየት ሲል ቀላሉን ሥራ ያወሳስበዋል። የመርካቶ ሰው ግን መሣሪያን የሚመዝነው በስሙ አይደለም። ምናለሽ ተራ ብንሄድ የተጣለ ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ሆኖ የሚወጣው ባለ ሙያው ብረቱን ስለሚያውቅ እንጂ መዶሻው ውድ ስለ ሆነ አይደለም። እኛም የሚቀጠለውን ነገር ጠንቅቀን እንወቅ፤ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።